ከግብር አዳራሽ እስከ ምገባ ማዕከል፦ የአዲስ አበባ አረጋውያን ከማን እጅ ሲበሉ ኖሩ?

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ዛሬ የስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ በሆነው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ የአዲስ አበባ ድኾች ተሰብስበው ነበር። የጣሊያን አልጋ ወራሽ ወንድ ልጅ ስለ ወለደ ማርሻል ግራዚያኒ ምጽዋት ይሰጣል ተብለው ተጠርተው ነው የመጡት። ከመካከላቸው ሽማግሌዎች፣ ባልቴቶች፣ ዓይነ ስውራንና አካል ጉዳተኞች ብዙ ነበሩ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ በወረወሩ ጊዜ የጣሊያን መትረየስ መጀመሪያ የተከፈተው በዚሁ ሕዝብ ላይ ነው። የዚያን ቀንና ተከትሎት የመጣውን እልቂት በየዓመቱ እናስባለን፤ ሐውልቱም እዚያው ስድስት ኪሎ አደባባይ ላይ ቆሟል። እነዚያ ሽማግሌዎች ከወራሪ እጅ ምጽዋት ለመቀበል ለምን እንደ ተሰለፉ ግን ብዙም ስንጠይቅ አልሰማሁም። ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከወረራው በፊት ሲያበላቸው የነበረው እጅ ተሰብሮ ነበር።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የቤተ መንግሥት ከተማ ነበረች። ሰው የሚበላው ከሚያገለግለው ጌታ ነው፤ ጌታው ደግሞ ከንጉሡ። ለወታደሩ ማደሪያ መሬት ይሰጠዋል፤ መሬት ያልደረሰው ቀለብ ይሰፈርለታል፤ ሁለቱንም ያላገኘው ግብር፣ ማለትም የንጉሡ ግብዣ፣ በሚበላበት ቀን አዳራሽ ይገባል። በምኒልክ ግቢ ታላቁ አዳራሽ በአንድ ጊዜ በሺህ የሚቆጠር ሰው ይቀመጥ ነበር። መኳንንቱ በልተው ሲነሡ ተከታዩ ይገባል፤ እሱ ሲነሣ ከእሱ የሚያንሰው፤ እንዲህ እያለ በመጨረሻ የቀረውን የሚቃመሰው ተራው ሰው ነው። ያረጀ ወታደርም የድሮ አገልግሎቱ ታስቦለት ከእነዚህ ተራዎች በአንዱ ቦታ ያገኛል። በየመኳንንቱ ቤትም ነገሩ ያው ነበር፤ ሲፈጩና ሲጋግሩ ያረጁ ሴቶች ምድጃ ዳር ቁጭ ብለው እስከ ዕለተ ሞታቸው ይበላሉ።

ይህን ዘመን በናፍቆት የሚያወሩ አሉ። እኔ አልናፍቀውም። ግብር የሥልጣን ማሳያ ነበር፤ አንድ ሰው አዳራሽ የሚገባው የእገሌ ሰው ስለሆነ ነው። ጌታው ሲሻር ወይም ሲሞት ምድጃ ዳር ያረጀችው ሴት ማንንም ልትከስ፣ ማንንም ልትጠይቅ አትችልም። በክፉ ቀን፣ ማለትም በ1880ዎቹ መጀመሪያ፣ ከብቱ በበሽታ አልቆ ሕዝቡ ሲረግፍ ምኒልክ ጎተራቸውን አስከፍተው ማብላታቸው፣ በሬ በመጥፋቱም ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት መቆፈራቸው ይነገርላቸዋል፤ የሚገባ ምስጋና ነው። የሚያስተውል ግን በዚያው ታሪክ ውስጥ ሌላ ነገርም ያያል፤ የአንድ ከተማ ድኻ በሙሉ በአንድ ሰው ጎተራና በአንድ ሰው ልብ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

የቤተ መንግሥቱ በር ሲዘጋ የሚቀረው ደጀ ሰላም ነው። በዚህ ከተማ ያረጀ ድኻ የወሩን ቀመር ከማንም በላይ ያውቃል፦ በ5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም። ዝክር የሚዘከርበትን፣ ተዝካር የሚወጣበትን፣ ሰንበቴ የሚገባበትን ደብር እያሰላ ይጓዛል። ከሥላሴ እስከ ሚካኤል ያሉት አራት ቀናት ረጃጅም ናቸው። እግሩ የሚችል ከደብር ደብር ይዞራል፤ የማይችል በአንዱ ደጅ ይቀራል። ባሏ የሞተባት፣ ልጅ የሌላት ሴት ደግሞ ቆብ ደፍታ ወደ መቃብር ቤት ትገባለች። ባለጸጎች በዘመዶቻቸው መቃብር ላይ ያሠሯቸው እነዚያ ትናንሽ ቤቶች ለብዙ መነኮሳይያት መኖሪያ ሆነው ኖረዋል፤ ቤቱን ይጠብቃሉ፣ ስለ ሟች ነፍስ ይጸልያሉ፣ የሟች ቤተሰብ ባስታወሳቸው ቀን ይበላሉ። በመርካቶ በኩል ደግሞ የዓርብ ቀን የአንዋር መስጊድ ደጅ አለ፤ የረመዳን ፊጥራና የአረፋ ሥጋ አለ። በሁለቱም በኩል ደግነቱ እውነተኛ ነው። በሁለቱም በኩል የምጽዋቱ ቀን የሚቆረጠው በሰጪው ነው፤ ሆድ ግን በየቀኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የአረጋዊ ረኀብ በእኛ ዘንድ መደበቂያ አያጣም። የኦርቶዶክስ ምእመኑ በዓመት ከ180 ቀን በላይ በሚጾምበት አገር አንዲት አሮጊት «ጾም ነኝ» ብትል ማን ይጠረጥራታል? ጎረቤት ምሳ ሲያቀርብላት «አሁን ቀምሼ መጣሁ» ትላለች። ይሉኝታዋ ነው የሚያስራት፤ ትናንት ለሠፈሩ ሁሉ ድግስ የደገሰች፣ ቡና አፍልታ ጎረቤት ስትጠራ የኖረች ሴት ዛሬ እጇን ለመዘርጋት ሞት ይቀላታል። ልጅ ሲርበው ያለቅሳል፣ ጎልማሳ ይቆጣል፤ ሽማግሌ ዝም ይላል። ከተማው ዝምታውን ጥጋብ ነው ብሎ ቆጠረው።

ከነፃነት በኋላ አዲስ አበባ የደመወዝ ከተማ መሆን ጀመረች። መሥሪያ ቤቱ፣ ፋብሪካው፣ ባንኩ ተከፈተ። በ1955 ዓ.ም. የወጣው የጡረታ አዋጅ የመንግሥት ሠራተኛው ከደመወዙ 4 በመቶ፣ መንግሥት ደግሞ 6 በመቶ እያዋጡ ሠራተኛው ሲያረጅ በየወሩ የሚከፈለው ገንዘብ እንዲኖረው አደረገ። በዚህ ከተማ ታሪክ ውስጥ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ማንንም ሳያመሰግን፣ ደጅ ሳይጠና፣ የራሱን ገንዘብ በደብተር አስፈርሞ የሚቀበልበት መስኮት ተከፈተለት። ነገር ግን በዚያ መስኮት ፊት ለመሰለፍ ሲቪል ሠራተኛ፣ ወታደር ወይም ፖሊስ ሆኖ መገኘት ያስፈልግ ነበር። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርደው ሴት፣ የሽሮ ሜዳው ሸማኔ፣ ጠላ ጠማቂዋ፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ጉልት ተቀምጣ ሽንኩርት የምትቸረችረው እናት ከአዋጁ ውጭ ነበሩ። የከተማዋን እንጀራ የጋገረው ክፍል ማለት ነው፤ አብዛኛውም ሴት ነው።

እነዚህ ሴቶች የራሳቸውን ጡረታ ራሳቸው ፈጠሩ። ከጠላውና ከጉልቱ ያጠራቀሙትን በጭቃ ቤት ላይ አፈሰሱት፤ ከዋናው ቤት ኋላ ሁለት ሦስት ክፍል ቀጥለው አከራዩ። የወር ኪራይ የእርጅና ቀለባቸው ሆነ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ያወረሰበት አዋጅ ቁጥር 47 ሲታወጅ፣ ከራሷ መኖሪያ በላይ ያላት ሁሉ ትርፍ ቤት ተባለ። አዋጁ ያነጣጠረው ሕንፃ በሕንፃ ላይ በሠሩት መሳፍንትና ባለሀብቶች ላይ ነበር፤ ሲተኮስ ግን ባለ ሁለት ክፍሏን ባልቴትም መታ። መተዳደሪያቸው ኪራይ ብቻ ለነበረ ሰዎች በየወሩ የሚከፈል ድጎማ እንዲሰጥ አዋጁ ራሱ ማዘዙን መካድ አይገባም። ያም ድጎማ በብር የተቆረጠ ነበርና ዋጋው በዓመታት ውስጥ እየሟሟ ሄደ።

ሆኖም ስለ ደርግ ዘመን አንድ ወገን ብቻ ብናወራ ታሪኩን እናጎድላለን። ያው አዋጅ ቤቷን የወሰደባት ባልቴት ጎረቤት ለነበረችው ተከራይ ባልቴት ቤት ሰጥቷታል። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ኪራዩም ተቀነሰ፤ ለአሥርተ ዓመታትም እምብዛም ሳይነካ ኖረ። የቀበሌ ቤት ጣሪያው ያፈሳል፣ ግድግዳው ያዘመመ ነው፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው። ግን ኪራዩ ከሻይ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር ሆኖ በመቆየቱ አሮጊቷ ያገኘቻትን ጥቂት ብር ለጤፍና ለሽሮ ማዋል ችላለች። የቀበሌ ሱቅም ነበር፤ ስኳር፣ ሳሙና፣ ዘይት፣ አንዳንዴም እህል በደብተር፣ በወረፋ፣ በተቆረጠ ዋጋ። ወረፋው ያሰለቻል፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ያስፈራል፤ ሱቁም ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ሲሞላ ግን የአቅመ ደካማም ስም በደብተሩ ላይ ሰፍሯል። በአንጻሩ በ1977ቱ ረኀብ ዘመን የሰሜኑ ገበሬ በየመንገዱ ሲወድቅ ያው መንግሥት የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በመብራትና በሰልፍ ማክበሩን፣ ረኀብተኛውም ወደ ከተማው እንዳይገባ መከልከሉን እናውቃለን። ረኀብ በመንገድ ዳር እንዳይታይ ማድረግ አዲስ አበባ ቀድማ የተካነችው ጥበብ ነው።

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ከወደቀ በኋላ ገበያው ተከፈተ። በመስከረም 1985 ዓ.ም. አንድ ዶላር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ወጣ፤ ደብተሩና የቀበሌው ሱቅ ትርጉም አጡ። ጡረተኛው የሚቀበለው ገንዘብ በቀድሞ ደመወዙ የተሰላ ነው፤ የኑሮ ውድነትን ተከትሎ በራሱ የሚያድግበት ሕግ አልነበረም፣ መንግሥት ሲያስበው ነው የሚስተካከለው። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ደግሞ ሌላ መቅሠፍት መጣ። ኤድስ የከተማዋን ጎልማሳ አጨደው። አረጋዊው ሊጦረው የነበረውን ልጁን ቀበረ፤ በምትኩ የልጅ ልጆች ተረከበ። የሰባ ዓመት ሴት ሦስት ሕፃናት ይዛ ጉልት የወጣችበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ እያንዳንዷ አያት ሁለት ጊዜ ነው የተራበችው፤ ያለውን ለልጆቹ አብልታ የቀረውን ትበላለች፣ የሚቀርም አልነበረም። ዕርዳታው ሲመጣም የመዝገቡ ርዕስ «ወላጅ አልባ ሕፃናት» ይል ነበር፤ የሚያሳድጓቸው አያቶች በዕዝል ነው የተመዘገቡት።

ይህ የመዝገብ ነገር ዛሬም አለ። ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ በየጥቂት ዓመቱ የሚካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የሕፃናትን ክብደትና ቁመት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶችን፣ እስከ 59 ዓመት ያሉ ወንዶችን ይመለከታል። 50 ዓመት የሞላት ሴት ከመጠይቁ ትወጣለች። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ጥናቱ የተነደፈው ስለ ወሊድና ስለ ሕፃናት ለማወቅ ነው። ውጤቱ ግን ሰባ ዓመት የሞላት ሴት ክንዷ ምን ያህል እንደ ቀጠነ የሚናገር አገራዊ ሠንጠረዥ የለም ማለት ነው። ያልተቆጠረ ሰው በጀት የለውም። ጥርሱ ያለቀ ሽማግሌ ደረቅ እንጀራ ማኘክ እንደማይችል፣ የስኳር መድኃኒቱን በባዶ ሆዱ መዋጥ እንደሌለበት ሐኪሙ ይነግረዋል፤ ምግቡን ግን ከየት እንደሚያመጣ የሚያስብለት ቢሮ የለም።

በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲተኮስ መንግሥት ለከተማ ድኻ ስንዴ በርካሽ እስከ ማደል ደረሰ፤ የቀበሌው ሱቅ በሌላ ልብስ ተመልሶ የመጣ ያህል። በዚያው ሰሞን የከተማዋ ገጽ መቀየር ጀመረ። ልደታ፣ ከዚያ የአራት ኪሎው ባሻ ወልዴ ችሎት፣ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ፈረሱ። ያረጁ ቤቶች መፍረሳቸውን የምቃወም ሰው አይደለሁም፤ በዚያ ጭቃ ውስጥ መኖር ክብር የለውም። የአረጋዊውን ጉዳይ ግን ከምግቡ በኩል ስናየው ሌላ ነው። አንዲት እማማ ካዛንቺስ ሳሉ ጠዋት ጎረቤታቸው ቡና ትጠራቸዋለች፤ ባለ ሱቁ በዱቤ ይሰጣቸዋል፤ የምግብ ቤቷ ባለቤት ማታ የተረፈውን ትልክላቸዋለች፤ ደብራቸው በእግር የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ወደ ከተማው ዳር ሲዛወሩ ከቤቱ በቀር ከዚህ አንዱም አብሯቸው አይሄድም። አራተኛ ፎቅ ላይ መጸዳጃው የግል ነው፤ ቡና የሚጠራ ግን የለም፤ ወደ ደብራቸው ለመሄድም ሁለት ታክሲ መያዝ ያስፈልጋል። የካሣ ማስሊያው ስፋትን በካሬ ሜትር ይቆጥራል፤ የዱቤ መዝገብ አይቆጥርም።

በጎ ነገሮችም ተደርገዋል፤ በስማቸው ልጥራቸው። በ2009 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ድጋፍ የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት በ11 ከተሞች ለ604 ሺህ ሰዎች የታቀደ ነበር፤ አብዛኛውም አዲስ አበባ ነው። ከተጠቃሚዎቹ 84 በመቶው በአካባቢ ልማት ሥራ እየሠራ ይከፈለው ነበር፤ 16 በመቶው፣ መሥራት የማይችሉት አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች፣ ቀጥታ ድጋፍ ያገኙ ነበር። ችግሩ በሁለቱ መካከል የነበረው መስመር ነው። መጥረጊያ መያዝ የምትችል አሮጊት ሠራተኛ ተብላ ልትመዘገብ ትችል ነበር፤ ለሠራተኛው ደግሞ የሦስት ዓመት ገደብ ነበረው፣ ከዚያ «ተመረቅሽ» ትባላለች። ከእርጅና የሚመረቅ ሰው የለም። ከተማ አስተዳደሩ የከፈታቸው የተስፋ ብርሃን የምገባ ማዕከላት ደግሞ በቀን አንድ ጊዜ ትኩስ ምግብ በነፃ ያበላሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ በፖለቲካ ዓይን ብቻ የሚያዩት ተሳስተዋል። ነገር ግን ማዕከሉ ድረስ የሚሄድ እግር ያስፈልጋል፤ አልጋ ላይ የቀረው አረጋዊ ወደ ሰልፉ አይመጣም። ከአብዮቱ ዋዜማ ጀምሮ የእማሆይ ትሬዛ እኅቶች በስድስት ኪሎ፣ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ቢኒያም በለጠ የመሠረተው መቄዶንያ ከመንገድ ላይ የወደቁትን አንሥተዋል። መቄዶንያ በሺህ የሚቆጠሩ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማንን ያኖራል፤ ሰው ለልደቱ፣ ለሠርጉ፣ ለተዝካሩ ድግሱን እዚያ ወስዶ ያበላል። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ያለው ወገን ገንዘብ የሚልክበትም ቤት ነው። ስንት አረጋዊ ግን መቄዶንያ ለመግባት መጀመሪያ መንገድ ላይ መውደቅ ነበረበት?

ብዙ የአዲስ አበባ አረጋዊን የሚያበላው የመንግሥት ካዝና እንዳይመስላችሁ። ጅዳ፣ ሪያድ፣ ዱባይና ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራው ልጁ ናት። እሷ በየወሩ ስትልክ ቤቱ ይበላል፤ አሠሪዋ ደመወዟን ሲይዝባት እዚህ ያለችው እናቷ ጾሟን ታድራለች። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2006 ዓ.ም. ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ስለ ተመላሾቹ ብዙ ተወራ፤ በእነሱ እጅ ይጦሩ ስለ ነበሩ ወላጆች የተናገረ አላጋጠመኝም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ውጭ አገር ልጅ ያላት እናት በብር ቁጥሩ ከፍ ሲልላት አየች። ልጅ የሌላትና ጡረተኛው የዘይት ዋጋ ብቻ ሲወጣ አዩ።

በዓል ሲደርስ ደግሞ ማዕድ ማጋራት አለ። ዱቄት፣ ዘይት፣ ዶሮ፣ አንዳንዴ በሬ ታርዶ ይከፋፈላል፤ ካሜራ ይመጣል፤ እማማ ይመርቃሉ። ይህን ሳይ የግብሩ አዳራሽ ትዝ ይለኛል። የሚያበላው ይታያል፤ የሚበላው ያመሰግናል፤ በማግስቱ አዳራሹ ይዘጋል። የፋሲካው ዶሮ የሰኔን ወር አያሻግርም።

ሕጉን ብንመለከት ነገሩ ሌላ ነው። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግም ሆነ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ልጅ ለወላጁ ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለበት ይላሉ። የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ አውቆም ልጁን ፍርድ ቤት የሚያቆም እናት ጥቂት ናት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ይረዳል ይላል። የ2003ቱ አዋጅ የግል ድርጅት ሠራተኛውንም ወደ ጡረታ አስገባ፤ ቢዘገይም መልካም ነው። ጉልት ነጋዴዋ፣ ቀን ሠራተኛው፣ የቤት ሠራተኛዋ ግን በ1955 እንደነበሩት ዛሬም በአብዛኛው ከመስኮቱ ውጭ ናቸው። ሳይዋጣለት፣ በዕድሜው ብቻ፣ ለእያንዳንዱ አረጋዊ በየወሩ የሚከፈል ገንዘብ በአገራችን የለም። አገሪቱ ድኻ ስለሆነች ነው የሚለው ክርክር ብቻውን አያሳምነኝም። ከእኛ እምብዛም የማትሻለው ሌሶቶ 70 ዓመት ለሞላቸው ዜጎቿ እንዲህ ያለ ጡረታ መክፈል የጀመረችው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ነው። ጎረቤታችን ኬንያም በዚያው አቆጣጠር ከ2018 ጀምሮ 70 ዓመት ለሞላው በወር 2 ሺህ ሽልንግ ታስባለች። ክፍያው ይዘገያል፣ ያንሳል፣ ይተቻል፤ የሚዘገይ መብት ግን ሊጠየቅ ይችላል፣ የሚቀር ምጽዋት አይጠየቅም። አዲስ አበባ ከፌዴራሉ ቀድማ በራሷ በጀት፣ ከ75 ዓመት በላይ ካሉትና ጡረታ ከሌላቸው ብትጀምር የሚከለክላት የለም።

ያ እስኪመጣ ድረስ በእጃችን ያለው እድር ነው። እድር በጣሊያን ዘመንና ከዚያ ወዲህ በከተማዋ ሲስፋፋ ዓላማው ቀብር ነበር፤ ዛሬም በዋናነት እሱው ነው። ከምግቧ ቀንሳ የእድር ወርኃዊ መዋጮዋን የማታስታጉል አሮጊት በየሠፈሩ አለች፤ ሬሳዋ እንዳይወድቅ ነው። በሕይወት ሳለች የሚያበላት የሌላት ሴት ስትሞት ድንኳን ይተከልላታል፣ ለሦስት ቀን ለቀስተኛ ይበላል። በኤድስ ዘመን ብዙ እድሮች መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሽለው ሕያዋንን መርዳት ጀምረው ነበርና ለመለወጥ እንደሚችሉ አይተናል። የአባሉን ዕድሜ የሚያውቅ መዝገብ አላቸው፤ ብረት ድስቱ፣ ሳህኑ፣ አግዳሚው በመጋዘናቸው ተቆልፏል፤ ማን አልጋ ላይ እንደ ቀረ የሚያውቁ የጥሩምባ ነፊ እግሮች አሏቸው። ስለዚህ የእድር አባል የሆናችሁ ሁሉ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ሁለት ነገር በአጀንዳ አስይዙ፦ 75 ዓመት ያለፈው አባል ከመዋጮ ነፃ ይሁን፤ በሳምንት ሦስት ቀን ደግሞ የእድሩ ድስት ለሕያዋን ይጣድ፣ ምግቡም መውጣት ለማይችሉት ቤታቸው ድረስ ይሂድ።